ከምድጃው ሥር የተገኘችው ቀለህ

ቀለህ ስለሚባል ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቅርፊት፣ ልጆች ከሜዳ ለቅመው የሚያፏጩበት፣ በቃ። ቤይሩት ሄደሽ በሰው ወጥ ቤት ቀለህ በሎሚና በጨው ታጥቢያለሽ ብሎ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር። አሁን ግን አልስቅም። በአንዲት ቀለህ ምክንያት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነፍሴ ከሥጋዬ ተለይታ ነበር፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ የተመለሰች አይመስለኝም።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አስካለ እባላለሁ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ሀደት በሚባለው የቤይሩት ዳርቻ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖርኩ እሠራለሁ። ስመጣ ከእኔ ቀድማ የመጣች የሰፈራችን ልጅ አንድ ምክር ሰጥታኝ ነበር፤ «ስሚ እንጂ አትናገሪ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ። እኔም ምክሩን እንደ ማተቤ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ማዳሜ ብትቆጣ ዝም፣ ሚስተር ቢጮህ ዝም። በዚያ ቤት የማይናገር ዕቃ ቢቆጠር ከማቀዝቀዣው ቀጥሎ እኔ ነበርኩ።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ። ሚስተር ፋዲ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ጩኸቱ ብዙ፣ ክፋቱ ጥቂት። ማዳም ሪማ አንጠልያስ ፋርማሲ አላት፤ ጠዋት ወጥታ የመኪናው መጨናነቅ ሲለቃት ማታ ትመለሳለች። ሦስተኛዋ የሚስተር እናት ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ ተታ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት። «ናቸው» ያልኩት ለእናንተ ነው፤ ዐረብኛ አንቱታ የለውም፣ እኔም እንደ እናቴ አንቺ ነው የምላት።

ተታ መርሳት ከጀመረች ሰንብታለች። ጫማዋን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘዋለሁ። አንዳንድ ቀን በሞተች እህቷ ስም ትጠራኛለች። አንድ ማታ፣ ሚስተር ሳይኖር፣ ጋዝ ከፍታ ረስታ ማዳም በሩን ስትከፍት ሽታው ተቀበላት። «ኸላስ፣ በቃ!» ብላ ጮኸች። «አንድ ጊዜ ይደገምና መነኮሳቱ ዘንድ ትገባለች!» መነኮሳቱ ዘንድ ማለት የአረጋውያን ማቆያው ነው። ያን ሌሊት ተታ ክፍሌ መጥታ እጄን ያዘች። «አልጋዬን አሳልፈሽ አትስጪብኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ የረሳችውን እኔ እያስታወስኩ፣ የደበቀችውን እኔ እየፈለግኩ፣ ማንም ሳያውቅ እንኖር ነበር።

አሁን ወደ ጠመንጃው ልምጣ። ሚስተር ከአባቱ የወረሰው አንድ የአደን ጠመንጃ አለው። ተራራው ላይ ያለውን የአባቱን የፖም እርሻ ከርከሮ እየገለበጠ ሲያስቸግረው፣ በአባቴ ጠመንጃ ካልሆነ በሌላ አልገድልም አለ። ችግሩ ለዚያ ጠመንጃ የሚሆን ጥይት ድሮ መሠራቱን አቁሟል፤ ገበያ ላይ የለም። ስለዚህ ራሱ ሊሠራ ተነሳ። የሌላ ጠመንጃ ቀለህ ገዝቶ ቅርጹን በመሣሪያ እየለወጠ ለአባቱ ጠመንጃ እንዲስማማ ማድረግ ማለት ነው። በዚህ ሥራ የሚያግዙት ኡስታ፣ ባለሙያው እንደማለት፣ ሀጎብ ናቸው፤ ምካሌስ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ትንሽ የቶርኖ ቤት ያላቸው አርመናዊ ሽማግሌ።

ያን ሰሞን ወጥ ቤቱ የእኔ መሆኑ ቀረ። ሁለቱ ገበታው ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው፣ ቀለሁ ምን ያህል ባሩድ ይያዝ። ቀለሁን እስከ አፉ ውሃ ይሞሉታል። አየር እንዳይዝ ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙናዬ አንዲት ጠብታ ይጨምሩበታል። ከዚያ ማዳም ከፋርማሲ ባመጣቻት ትንሽዬ ሚዛን ላይ ያስቀምጡታል፤ ከባዶው ክብደት ጋር ሲያስተያዩት የሆዱ ስፋት ይታወቃል።

«ከአንገቱ ሥር ያለውን ትከሻውን ትንሽ ወደ ላይ ብንገፋው ቦታ እናገኛለን» ይላል ሚስተር። «ቦታ ካለ ባሩድ ይጨመራል፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ጥይቱ ይፈጥናል።»

«ሆዱ በሰፋ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል፣ ፋዲ። ይሄ ጠመንጃ እንደ እኔ ሽማግሌ ነው። ለሽማግሌ በልኩ ነው የሚቀርብለት።»

«ኡስታ፣ እርስዎ ፈሪ ነዎት!»

«ሁለት ዓይን አለኝ። ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ።»

ተታ ደግሞ ከማዶ ሆና «አሁንስ ውሃ ጠጡና ተነሱ» ትላለች። እኔ ሳቄን ወደ መታጠቢያው ዞሬ እውጣለሁ።

አንድ ቀን ኡስታ የማዳምን የኬክ ትሪ ጠየቁኝ። ውሃ ሞሉበትና ቀለሆቹን ውስጡ አቆሟቸው፤ ከዚያ በእጃቸው በያዙት የጋዝ ነበልባል የእያንዳንዱን አንገት እያጋሉ ወደ ውሃው ይጥሉታል። ጭስስ ይላል። ሳላስበው «ውሃው ለምንድነው?» አልኳቸው። ዝምተኛዋ መናገሬ ገርሟቸው ቀና አሉ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንገቱ መለስለስ አለበት፣ ሲለጠጥ እንዳይሰነጠቅ። መቀመጫው ግን እሳት ማየት የለበትም። ውሃው መቀመጫውን ነው የሚጠብቀው። እሱ ከለሰለሰ እሳቱን መቋቋም አይችልም፤ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ወደ ኋላ ይመጣል።» ጣታቸውን ዓይናቸው ሥር አድርገው «እዚህ» አሉኝ።

ያቺ ጣት ከአእምሮዬ አልጠፋችም።

ሐሙስ ዕለት ሚስተር ቀለሆቹን እንዳጥባቸው ሰጠኝ። አጠብኩና በረንዳው ላይ ፎጣ አንጥፌ ፀሐይ ላይ በተንኳቸው። ጊዜው የመከር መግቢያ ነው፤ ሊባኖሳውያን ለክረምት መክዱስ የሚያዘጋጁበት፣ ያ ደቃቅ ደበርጃን በለውዝ ተሞልቶ በዘይት የሚቀመጠው። ተታ አፈ ሰፊ ጠርሙሶቿን ከነክዳናቸው አሳጥባኛለች። እኔ ቆሻሻ ልጥል፣ ዳቦም ልገዛ ወርጄ ተመለስኩ። ቀለሆቹ ፎጣው ላይ ደርቀው ተኝተዋል። ፀሐይዋ ጎበዝ ናት ብዬ ቀርቤ ሳላያቸው አለፍኩ። ማታ ሚስተር መጥቶ በችኮላ፣ ሳያያቸው፣ ከነፎጣው አንስቶ በማጽጃ ማሽኑ ውስጥ ገለበጣቸው። ማሽኑ ከተፈጨ የለውዝ ቅርፊት ጋር እያሽከረከረ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ነገር አድርጎ አወጣቸው። ዓርብ ባሩድና አረር ሞልተውባቸው አደሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስተር ጠመንጃውን በቦርሳው፣ ጥይቶቹን በላስቲክ ሳጥን ይዞ ወጣ። «ኡስታ ጋ አንድ ነገር እናስተካክልና ወደ ተራራው። ዛሬ ይለያል!» አለ። እናቱን ግንባሯን ሳማት። ማዳም ቀድማ ወደ ፋርማሲዋ ሄዳለች።

ቅዳሜ ምድጃ የማጸዳበት ቀን ነው። ፉርን የሚሉትን የጋዙን ምድጃ ከፍቼ፣ መደርደሪያውን አውጥቼ፣ የታችኛውን ቆርቆሮ ሳነሳ፣ ነበልባሉ በሚወጣበት ቱቦ አጠገብ አንድ ነገር ተንከባለለ። ቀለህ ናት። አንስቼ ወደ መስኮቱ አቀረብኳት። ነሐሱ ቢጫ መሆኑ ቀርቷል። ጎማ ቤት ደጅ ውሃ ላይ እንደተንሳፈፈ ዘይት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆናለች፤ ከአንገቷ እስከ መቀመጫዋ።

ተታ ገበታው ላይ ባቄላ ትፈለፍላለች።

«ተታ፣ ይቺ ከየት መጣች?»

ዓይኗን አጥብባ አየቻት። «ከክዳኖቹ ናት። ወድቃ ቀርታ ነው?»

«የምን ክዳኖች?»

«የጠርሙሶቹ ነዋ! አንቺ እርጥብ አድርገሽ በረንዳ ላይ ጥለሻቸው ሄድሽ። እርጥብ ክዳን ያሻግታል፣ ሐቢብቲ። ከጠርሙሶቹ ጋር ፉርን ውስጥ አደረቅኳቸው። አንዳንዶቹ ወደ ታች እየተንከባለሉ አስቸገሩኝ እንጂ።» ከዚያ በኩራት «መልሼም ፎጣሽ ላይ ደረደርኩልሽ» አለችኝ።

እዚህ አገር ጠርሙስ የሚያዘጋጅ ሴት ሁሉ በእሳት ነው የሚያደርቀው፤ ተታ ዕድሜዋን ሁሉ ያደረገችውን ነው ያደረገችው። ቀለሁና ክዳኑ ብቻ ተምታቱባት። ማሽኑ ደግሞ ቀለሙን ፍቆ አጥፍቶታል። የትኛው እሳት አጠገብ እንደነበረ፣ የትኛው እንዳልነበረ ከእንግዲህ በዓይን የሚለይ የለም። የኡስታ ጣት ፊቴ ላይ ድቅን አለች። «እዚህ።»

ስልኬን አነሳሁ። መብራት ጠፍቷል፣ የሰፈሩ ጄኔሬተርም በዚያ ሰዓት አይሠራም፣ ኢንተርኔት የለም። ካርድም የለኝም። የድምፅ መልእክት ልልክ ሞከርኩ፤ አልሄደም። ደረጃውን በሩጫ ወርጄ የሕንፃውን ዘበኛ ስልክ ለመንኩ። ሚስተር ጋ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሳም። ቶርኖ ቤት ሲገባ ስልኩን መኪናው ውስጥ እንደሚተው አውቃለሁ፤ ብረት ብናኝ ይገባበታል ይላል።

የማዳም ቁጥር ላይ ጣቴ ቆመ። ብነግራት እሷም ያንኑ የማያነሳ ስልክ ነው የምትደውለው። አንጠልያስ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ምካሌስ ከእኛ ይቀርባል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተታም ትዝ ብላኛለች። ማን ፉርን ውስጥ ከተተው ስትለኝ ምን ልመልስ ነው? ስልኩን ለዘበኛው መለስኩለት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። መሄድ አለብኝ። ግን ተታን ብቻዋን ከምድጃው ጋር ትቼ እንዴት እወጣለሁ? ላይ ወጣሁና ጋዙን ዘጋሁ። «ተታ፣ ተነሺ። ጠርሙስ ልንገዛ ነው» አልኳት። ዓይኗ በራ። የቤት ጫማዋን መለወጥ አልፈለገችም፣ እኔም ለመለመን ጊዜ አልነበረኝም። በጥቁር ቀሚስና በቤት ጫማ ክንዷን ይዤ ወጣሁ። ቀለሟ የተለወጠው ቀለህ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ናት።

ሰርቪስ ታክሲ ቆመልን። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ። «ማዳምሽ የት አለች?» አለኝ። መልስ ከመፈለጌ በፊት ተታ ከኋላ «እኔ ነኝ ማዳሟ። አንተ ንዳ!» አለችው። ነዳ። ሀዝሚየ አደባባዩ ጋ ስንደርስ መንገዱ ተቆልፏል። መኪናው አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። እኔ ውስጤ ይጮሃል። ደርሰው ቢሆንስ? ተራራው ላይ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ አስደግፎ ቢሆንስ? ኪሴ ውስጥ ያለችውን ቀለህ ጨብጬ እመቤቴን እለምናለሁ። ከዚያ ሌላ ፍርሃት ይመጣል፤ አንድ ነገር ቢደርስበት ቀለሆቹን ያጠበው ማነው? እኔ ነኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ በማን ስም ነው? በእሱ። አሮጊት እናቱ ክዳን መስለዋት ነው ብል የሚያምነኝ ማነው? ተታ በመስኮቱ እያየች «እዚህ ጋ ጥሩ ጠርሙስ የሚሸጥ ነበር» ትላለች።

ምካሌስ ስንወርድ የኡስታን ቶርኖ ቤት አወቅኩት፤ ከዚያ በፊት ሚስተር ለጽዳት ወስዶኛል። የቆርቆሮው በር ግማሽ ድረስ ወርዷል። ደጁ ላይ የሚስተር መኪና የለችም። ማሽን አይሰማም።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሄደዋል።

ተታ ግን ጆሮዋን አቀናች። «ፋዲ ማን ላይ ነው የሚጮኸው?» አለች።

እኔ ምንም አልሰማሁም። እናት የልጇን ድምፅ ከግድግዳ ወዲያ ትሰማለች መሰለኝ። በሩን ጎንበስ ብለን ገባን፤ ቤቱን አቋርጠን በጓሮ በኩል ብቅ ስንል መኪናዋ እዚያ ቆማለች። ሁለቱ ሰዎች በአንዲት ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ጠረጴዛው ላይ ሚዛኗ፣ የውሃ ብርጭቆ፣ አንዲት ባዶ ቀለህ።

«ገና ቦታ አለው እያልኩዎት ነው!»

«ቦታ ስላለ ይሞላል? ውሃውን እንደገና እንመዝን። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሂድ።»

«ጠዋቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እያሉኝ ነው!»

ያ ስስቅበት የነበረው የቀለህ ሆድ ክርክር ሰውየውን ጠዋቱን ሙሉ ከተራራው አስቀርቶታል። እግዚአብሔር ሲያስቀር በምንም ያስቀራል።

«ሚስተር! አትተኩስ!» ጮህኩ። በዚያ ቤት ስኖር ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ራሴ ደነገጥኩ። ሚስተር ዞሮ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እናቱን፣ ቀጥሎ የእናቱን የቤት ጫማ አየ።

«ሹ? ምን ሆናችሁ? ማማ?»

ቀለሁን አውጥቼ ለኡስታ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ወስደው አገላብጠው አዩት። ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ የት ነበር?»

«ፉርን ውስጥ። ሁሉም ነበሩ። ሐሙስ።»

«ማን ከተታቸው?» አለ ሚስተር።

ተታ አጠገቤ ቆማ ጓሮው ላይ የተደረደሩትን ባዶ ጣሳዎች ታያለች። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ቶሎ እንዲደርቁ ብዬ።»

ያን ጊዜ የጮኸውን ሁሉ አልደግምላችሁም። አህያ የሚለው ከሁሉም የሻለው ነበር። ሰኞ ወደ ቢሮው ትመለሻለሽ፣ አለቀ፣ ኸላስ አለኝ። ቢሮው ማለት ያስመጣኝ ኤጀንሲ ነው። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እንባዬ ይወርዳል፣ ልቤ ግን ቀለል ብሎታል፤ ሰውየው እየጮኸ ነው፣ ማለት በሕይወት አለ።

«ውሸቷን ነው» አለች ተታ።

ሚስተር ወደ እናቱ ዞረ።

«ክዳኖቹን ያደረቅኩት እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ እርጥብ ትታቸው ነበር። አትጩህባት።»

«የምን ክዳን፣ ማማ?»

ተታ ወደ ላስቲክ ሳጥኑ ሄዳ አንዲት ጥይት በሁለት ጣቷ አነሳች። «ይሄው። የመክዱሱ።» እያለች ግን ጥይቷን አገላበጠቻት፣ ሹል አፏን አየችው፣ ፊቷ ላይ ግራ መጋባት መጣ። አንድ ነገር እንዳጠፋች ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ጥይቷን ቀስ ብላ መለሰቻትና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

ሚስተር እናቱን አያት። እንዲህ ሲያያት አይቼው አላውቅም። ግን የሰው ልጅ ማመን የማይፈልገውን አያምንም። «የወጥ ቤት ምድጃ ይህን ያህል አይግልም» አለ፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «እማማ ደክሟት ነው። ደህና ናት። ጥይቶቹም ደህና ናቸው።» ጠመንጃውን አነሳ።

ኡስታ ክንዱን ያዙት። «ደህና ከሆኑ በገመድ ተኩሳቸው።»

ጓሮው ጫፍ ላይ ኡስታ የሚሞክሩበት ትልቅ የአፈር ቁልል አለ። ጠመንጃውን በአሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ጠፍረው አሰሩት፣ አፉን ወደ አፈሩ። ከምላጩ ረጅም ሲባጎ አስረው ሁላችንም ከብሎኬት ግድግዳው ጀርባ ገባን። እኔ የተታን ጆሮ በሁለት እጄ ደፈንኩ።

ሚስተር ሳበው። ዷ! አፈሩ ተበተነ። ሄደው አዩ፤ ምንም አልሆነም። ሁለተኛዋን አጎረሱት። ዷ! ምንም። ሚስተር ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። «አላልኳችሁም?» አለ፤ ገመዱን መፍታት ጀመረ። እኔ እንኳ መጠራጠር ጀመርኩ። ባዶ ሽብር ፈጥሬ፣ ሥራዬን አጥቼ፣ ተታን አሳልፌ ሰጥቼ።

ኡስታ ግን «አንዲት ጨምር» አሉ። «ለእኔ ስትል።»

ሦስተኛዋ ድምፅ ዷ አልነበረችም። ጠዋት ከከባድ መኪና ላይ እንደሚወድቅ ብረት ነበረች። አንድ ነገር በጭንቅላታችን ላይ ፏጭቶ አለፈ፤ ከኋላችን የጓሮው የቆርቆሮ በር ጮኸ። ስንወጣ የጠመንጃው እንጨት ለሁለት ተሰንጥቋል፣ የኋላ መዝጊያው ጠሟል፣ ጎማው ላይ ጥቁር ጭስ ተለጥፏል። ጭሱ የተለጠፈው ጉንጭ በሚያርፍበት በኩል ነው። ቆርቆሮው በር ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፍቷል።

ሚስተር ጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ፤ እጁን ዓይኑ ሥር አድርጎ ይዳስሳል፣ እዚያ መኖሩን እንደሚያረጋግጥ። ተታ በቤት ጫማዋ እየተንሻተተች ወደ ጠመንጃው ሄደች። ባሏ ሠላሳ መከር የያዘውን እንጨት ዳሰሰችው።

«ተሰበረ?» አለች። «አባትህ ሲመጣ ይቆጣሃል።»

አባቱ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው። ያ ጩኸታም ሰውዬ ፊቱን እናቱ ሆድ ውስጥ ቀብሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ ፀጉሩን እያሻሸች «አይዞህ፣ እኔ እነግረዋለሁ» ትለዋለች።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ጠየቀኝ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምት ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መነኮሳቱ ዘንድ እንዳትገባ ፈርቼ» አልኩ። ከዚያ ግማሹን ብቻ መናገር ከበደኝና «እሷ ከሄደች ለእኔም ሥራ የለኝም፤ ያንንም ፈርቼ» ጨመርኩ። ስለ ሰኞም፣ ስለ ቢሮም አላነሳም።

ማታ ማዳም የተሰበረውን ጠመንጃ አየች። ነገሩን ሲነግራት አፏን በእጇ ያዘች። «ማነው ፉርን ውስጥ የከተተው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ ሚስተር።

ሰሃን ይዤ ቆሜ ነበር። አስቡት፤ ጠዋት እኔ የዋሸሁትን ውሸት እሱ ማታ ደገመው። ዝም ብል ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል። ተታ አልጋዋ ላይ፣ እኔ ሥራዬ ላይ፣ ጋዙም ምድጃው ላይ። ግን ያ የቆርቆሮው ቀዳዳ ከዓይኔ አልጠፋም። ሰሃኑን አስቀመጥኩ።

«ማዳም፣ እሱ አይደለም። ተታ ናት። ክዳን መስለዋት ነው። ብዙ ነገር ትረሳለች፣ እኔ ነኝ ስሸፍን የኖርኩት።»

ሚስተር ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ጩኸቱን ጠበቅኩ። ማዳም ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጫማዋን ማቀዝቀዣ ውስጥ የማላይ ይመስላችኋል?» አለች ቀስ ብላ። «እኔም እያወጣሁ አስቀምጥ ነበር። ለፋዲ ብነግረው ይሰበራል ብዬ። ያን ቀን መነኮሳቱ ያልኩት ደንግጬ ነው፤ ጋዙ ውስጥ ሁለታችሁም ተኝታችሁ ነበር፣ አስካለ።»

ለካ ሦስታችንም ያንኑ ጫማ ከማቀዝቀዣ እያወጣን ነበር፣ አንዳችን ከሌላው ተደብቀን።

ተታ አልሄደችም። ሚስተር ለጋዙ ቱቦ ከምድጃው ራቅ ብሎ ቁልፍ አስገጠመለት፤ አንዱ መክፈቻ ማዳም ዘንድ፣ አንዱ እኔ አንገት ላይ፣ ከማተቤ ጋር ይንጠለጠላል። ሐኪም ዘንድም ወሰዷት። መድኃኒቱ አያድንም፣ ያዘገየዋል አሏቸው። መከር ሲገባ ጠርሙሶቿን አብረን እናደርቃለን፤ ክዳኖቹን እኔ አቀብላታለሁ።

እናንተ በሰው ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ ዝም በሉ ያሏችሁ ሁሉ ክፉ አይደሉም፤ እኔንም ያ ምክር ብዙ ቀን አውሎ አሳድሮኛል። ግን ዝምታም ልክ አለው። የሰው ነፍስ ያለችበትን ነገር ውጣችሁ አትያዙ። ቢያባርሯችሁም ተናገሩ። እኔ ዛሬም ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን እናገራለሁ።

የተሰበረው ጠመንጃ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ሚስተር እንዲጠገን አልፈለገም። ኡስታ ሲመጡ አሁን ስለ ከርከሮ ሳይሆን ስለ አጥር ነው የሚከራከሩት። ተታ አንዳንድ ቀን ሳሎን ስትገባ ጠመንጃውን ገና ዛሬ እንዳየችው ሁሉ ትደነግጣለች።

«የባሌን ጠመንጃ ማን ሰበረው?»

«እኔ ነኝ፣ ማማ። ይቅር በይኝ» ይላል ሚስተር፣ ባለበት ተነስቶ።

ትቆጣዋለች፣ ትመክረዋለች፣ ከዚያ ይቅር ትለዋለች። እኔና ማዳም እንተያያለን። በዚያ ቤት ያለች ውሸት ያቺ ብቻ ናት፤ እሷን ማናችንም አናርማትም።